የአገልግሎት ማስታወሻን በስልክ መያዝ፦ አጻጻፉ፣ አደራጃጀቱና አጠባበቁ

ይህ ጽሑፍ በተለይ ለሰባኪዎች፣ ለቤት ኅብረት መሪዎች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና የሽማግሌዎችን ቃለ ጉባኤ ለሚይዙ ወገኖች የተዘጋጀ ነው። ርእሱ መንፈሳዊ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን የምንጽፈው የእግዚአብሔርን ቃልና የሰዎችን ሸክም ስለሆነ፣ የት እንደምንጽፈውና እንዴት እንደምንጠብቀው ልናስብበት የሚገባ ነገር ነው።

እኔ የማገለግለው በምዕራብ ጎጃም፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ከተመረቅሁበት ጊዜ ጀምሮ ስብከቴን በደብተር እጽፍ ነበር። አንዱን ደብተር የክረምት ዝናብ በቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ አበሰበሰው፤ ሌሎቹን ሣጥን ውስጥ ምስጥ በላቸው። ስለዚህ ማስታወሻዬን ሁሉ ወደ ስልክ አዛወርሁ። ሁለት ዓመት ያህል ደስ ብሎኝ ጻፍሁ። ከዚያም በአንድ የገበያ ቀን መናኸሪያ ውስጥ ስልኩ ከኪሴ ጠፋ።

የጽሑፉ ቅጂ በኢንተርኔት ላይ እንደሚቀመጥ ሰምቼ ስለነበር መጀመሪያ አልደነገጥሁም። አዲስ ስልክ ገዝቼ ልከፍተው ስሞክር ግን አካውንቱን ያወጣልኝ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ እንደነበረ ትዝ አለኝ። የይለፍ ቃሉን እኔ አላውቀውም፤ እርሱም ረስቶታል። ለማረጋገጫ የተመዘገበውም ቁጥር እርሱ መጠቀም የተወው የድሮ ቁጥር ነበር። የሁለት ዓመት ስብከትና ትምህርት በዚያው ቀረ።

ይሁን እንጂ ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚያ ስልክ ውስጥ የጸሎት ማስታወሻዬም ነበረ። የምጸልይላቸው ሰዎች ስም፣ በምስጢር የነገሩኝ የትዳር ችግር፣ የአንዲት እናት ሕመም በግልጽ ተጽፎአል። ስልኩም ቁልፍ አልነበረውም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማስታወሻ በሦስት ጥያቄዎች እመዝናለሁ። ሲፈለግ ይገኛል ወይ? ስልኩ ቢጠፋ ይተርፋል ወይ? ሌላ ሰው ቢከፍተው የሚጎዳ ወገን አለ ወይ? ከዚህ በታች እነዚህን ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

የማስታወሻ መተግበሪያ ምንድን ነው?

የማስታወሻ መተግበሪያ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ደብተር ነው። ከወረቀት ደብተር የሚለየው በሦስት ነገር ነው። የተጻፈውን በቃል ፈልጎ ያወጣል፤ አንዱን ማስታወሻ ከአንድ በላይ በሆነ መለያ ሥር ያስቀምጣል፤ ኢንተርኔት ሲኖር ደግሞ በስልኩ ላይ ያለውን በአካውንታችን ላይ ካለው ቅጂ ጋር ያመሳስላል። ብዙዎች ይህን ማመሳሰል “ሲንክ” ይሉታል።

በብዛት ከሚታወቁት መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ።

ጉግል ኪፕ፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ቀላልና ነፃ ነው፤ ለአጫጭር ማስታወሻ ይመቻል። ረጅም ስብከት ለመጻፍ ግን ጠባብ ነው፤ የተጻፈውን ወደ ጉግል ዶክስ ገልብጦ እዚያ ማስፋፋት ይቻላል።

ማይክሮሶፍት ዋንኖት፦ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን በ2014 በነፃ መሰጠት ጀመረ። እንደ ደብተር በክፍልና በገጽ የተከፋፈለ ነው። አንዱን ክፍል ለብቻው በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል።

ጆፕሊን፦ ነፃና አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ መተግበሪያ ነው። ጽሑፉን በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው በራሳችን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ማመሳሰል የምንፈልግ ከሆነ ብቻ የምንመርጠው ነገር ነው።

ሦስቱም ኢንተርኔት በሌለበት በስልክ ላይ መጻፍ ያስችላሉ። በዋንኖት ግን አንድን ደብተር ያለ ኔትወርክ ለማንበብ አስቀድሞ ኔትወርክ ባለበት መክፈትና እንዲመሳሰል መጠበቅ ያስፈልጋል። ለእኛ አገር አገልጋይ ይህ የመጀመሪያው መስፈርት ሊሆን ይገባል። ከቡሬ ወጣ ብላችሁ ወደ ገጠር ስትገቡ ኔትወርኩ የሚመጣና የሚሄድ ነው። መተግበሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ዳታውን አጥፉና ጻፉበት፤ ዘግታችሁ ክፈቱት፤ የጻፋችሁት ካለ ያገለግላችኋል።

አንደኛ፦ ሲፈለግ ይገኛል ወይ?

ብዙዎቻችን መጻፍ አይቸግረንም። የሚቸግረን የጻፍነውን ማግኘት ነው። ለዚህ የሚረዱ አራት ነገሮችን ልጠቁማችሁ።

1. ለእያንዳንዱ ማስታወሻ ርእስ ስጡት። ርእሱ በቀን ቢጀምር መልካም ነው። መተግበሪያው በራሱ የሚመዘግበው ቀን በአብዛኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ የእኛን ቀን ራሳችሁ ጻፉ። ዓመቱን አስቀድማችሁ፣ ወሩን በሁለት አሃዝ፣ ቀጥሎ ቀኑን አድርጉ። ለምሳሌ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የተዘጋጀ ስብከት “2017-02-11 ስብከት ኤርምያስ 36” ይባላል። መስከረም 01፣ ጳጉሜን 13 ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ከተጻፈ ማስታወሻዎቹ በርእስ ሲደረደሩ የቀናቸውን ቅደም ተከተል ይይዛሉ።

2. መለያ አታብዙ። እኔ በመጀመሪያ “እምነት”፣ “ተስፋ”፣ “ፍቅር” እያልሁ አርባ ያህል መለያ አወጣሁና የትኛውን የት እንዳስቀመጥሁ ጠፋኝ። አሁን አምስት ብቻ አሉኝ፦ ስብከት፣ ትምህርት፣ ምሳሌ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ገና ያልተለየ። የቀረውን በፍለጋ አገኘዋለሁ።

3. የፊደል አጻጻፋችሁን አንድ አድርጉ። ይህ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። በእኛ ቋንቋ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ የተለየ ፊደል ነው። “ጸሎት” ብላችሁ ጽፋችሁ “ፀሎት” ብላችሁ ብትፈልጉ ላይገኝ ይችላል። “ሕይወት” እና “ህይወት”፣ “ሥራ” እና “ስራ”፣ “ኃጢአት” እና “ሀጢያት” እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የመጽሐፍ ቅዱሳችሁን አጻጻፍ ተከተሉ፤ የተጠራጠራችሁበትን ቃል ከዚያ አመሳክሩ። ፈልጋችሁ ያጣችሁት ነገር ካለ ደግሞ በሌላው ፊደል ሞክሩ።

4. ቃሉ ከፊቱ ተጨማሪ ሊኖረው እንደሚችል አስታውሱ። አማርኛ “በ”፣ “ለ”፣ “የ”፣ “ከ” የሚሉትን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ይጽፋል። አንዳንድ መተግበሪያዎች የሚፈልጉት ከቃል መጀመሪያ ብቻ ስለሆነ “ትዕግሥት” ስትሉ “በትዕግሥት” የሚለውን ያልፉታል። መፍትሔው በማስታወሻው መጨረሻ ላይ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ያለ ተጨማሪ ለብቻ መዘርዘር ነው፦ ትዕግሥት፣ መከራ፣ ተስፋ። ሦስት ወይም አራት ቃል ይበቃል።

የድሮ ደብተር ያላችሁ ሁሉንም እንደገና ለመጻፍ አትድከሙ። ገጹን በብርሃን ፎቶ አንሡና ከሥሩ ርእሱን፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ክፍልና ጥቂት ዋና ቃላት ጻፉ። መተግበሪያው የእጅ ጽሕፈታችሁን ማንበብ ባይችልም ከሥሩ የጻፋችሁትን ያነባል።

ከአጭር ማስታወሻ ወደ ስብከት

ማስታወሻ መያዝ በራሱ ስብከት አይሆንም። መንገዱ እንዲህ ቢሆን ይረዳል።

መጀመሪያ፣ ሐሳብ ሲመጣ ወዲያው ያዙት። በመንገድ ላይ በርበሬ ተሰጥቶ ስታዩ ስለ ትዕግሥት አንድ ነገር ትዝ ቢላችሁ “ምሳሌ - የተሰጣ በርበሬ - ትዕግሥት” ብላችሁ ሁለት መስመር ጻፉ። ለመጻፍ የማይመች ከሆነ ተናገሩት፤ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች ጋር ስለጨመረ ስልኩ የተናገራችሁትን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ስሞችንና የመጽሐፍ ቅዱስ ቃላትን ስለሚያሳስት ግን በኋላ ማረም ያስፈልጋል።

ቀጥሎ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለዩአቸው። እኔ ሰኞ ጠዋት ግማሽ ሰዓት እሰጠዋለሁ። “ገና ያልተለየ” በሚለው ሥር የተከማቸውን አነባለሁ፤ የማይረባውን አጠፋለሁ፤ የሚረባውን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ይህ ግማሽ ሰዓት ከሌለ ስልኩ የተዝረከረከ ጓዳ ይሆናል።

ከዚያም ለእያንዳንዱ ስብከት አንድ ማስታወሻ ክፈቱ፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ክፍሎች ይኑሩት፦ የንባብ ክፍል፣ ዋና ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ነጥቦች፣ ምሳሌ፣ ሰሚው የሚያደርገው ነገር፣ የተሰበከበት ቦታና ቀን። የመጨረሻዋን መስመር አትናቁ። አንድ ጊዜ በአንድ የገጠር ኅብረት ያንኑ ስብከት ሳላውቅ ደግሜ ሰበክሁ። ስንጨርስ አንድ አባት እጄን ጨብጠው “መጋቢ፣ ይኸንንስ ባለፈው በደንብ ገብቶን ነበር” አሉኝ።

በመድረክ ላይ ግን ስልኩን አትደገፉ። ባትሪ ያልቃል፣ ስልክ ይደወላል፣ ከኋላ የተቀመጡ አረጋውያንም መጋቢያቸው ስልክ የሚነካካ ይመስላቸዋል። ነጥቦቹን በአንድ ወረቀት ገልብጡና በመጽሐፍ ቅዱሳችሁ ውስጥ ያዙ።

ሁለተኛ፦ ስልኩ ቢጠፋ ይተርፋል ወይ?

በኤርምያስ ምዕራፍ 36 ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ በመጽሐፍ ጥቅልል ጻፈ። ንጉሡ ኢዮአቄም ግን የተነበበውን በቢላዋ እየቀደደ በእሳት አቃጠለው። ኤርምያስም ሌላ ጥቅልል ወስዶ ለባሮክ ሰጠው፤ ባሮክ የተቃጠለውን ቃል ሁሉ እንደገና ጻፈ፣ ሌላም ብዙ ቃል ተጨመረበት። ያ ቃል የተረፈው ጌታ ስለ ጠበቀውና ነቢዩ በሕይወት ስለ ነበረ ነው። እኛ ግን ከሁለት ዓመት በፊት የሰበክነውን ከአፋችን መልሰን ልናወጣው አንችልም። ስለዚህ ቅጂ ያስፈልገናል።

ቅጂው በሦስት ቦታ ይሁን፦ በስልኩ፣ በአካውንታችሁ፣ እንዲሁም ከስልክና ከኢንተርኔት ውጭ በሆነ ነገር ላይ።

አካውንቱን ራሳችሁ አውጡ። በስልክ መሸጫ ሱቅ ያወጡላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ ለማረጋገጫ የሚሆነውንም ቁጥር የራሳችሁ አድርጉ። የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፋችሁ በቤት ውስጥ በሚቆለፍ ቦታ አኑሩት። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ የሁለት ዓመት ሥራዬ አይጠፋም ነበር።

በኢንተርኔት ብቻ አትታመኑ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ በብዙ ቦታ ለወራት አልተመለሰም። ማስታወሻው በአካውንቱ ላይ ብቻ የሆነበት ሰው በዚያን ጊዜ ሊያነበው አይችልም ነበር።

በአንድ ድርጅት ብቻም አትታመኑ። ኤቨርኖት የተባለው እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረ ታዋቂ መተግበሪያ በ2023 መጨረሻ በነፃ ለሚጠቀሙት የሚፈቅደውን ወደ 50 ማስታወሻና አንድ ደብተር ዝቅ አደረገ። በነፃ የተሰጠ ነገር ሁኔታው ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ ጽሑፋችሁን እንዴት እንደምታወጡት እወቁ። ከጉግል ኪፕ “ቴክአውት” በሚባለው የጉግል አገልግሎት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውረድ ይቻላል፤ ጆፕሊንም ማስታወሻውን በፋይል አውጥቶ ይሰጣል። በጉግል ኪፕ ወደ ቆሻሻ መጣያው የጣላችሁት ማስታወሻ ከሰባት ቀን በኋላ ፈጽሞ እንደሚጠፋም አትርሱ።

ወር በገባ ቁጥር የወሩን ስብከቶች በፍላሽ ገልብጡ፤ ካልሆነም በከተማ አሳትማችሁ በፋይል አስቀምጡ። በሰው ኮምፒውተር የምታሳትሙ ከሆነ ፋይሉን ከዚያ ኮምፒውተር አጥፍታችሁ ውጡ።

በዚህ አጋጣሚ ለቀደሙት አገልጋዮች አንድ ነገር ላስታውስ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየሶፍትዌሩ የተጻፈ አማርኛ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በአሮጌ ሲዲ ወይም ኮምፒውተር ላይ እንዲህ ያለ ትምህርት ያላችሁ፣ የሚያነበው ኮምፒውተር ሳይበላሽ ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት ወይም አሳትሙት።

ሦስተኛ፦ ሌላ ሰው ቢከፍተው የሚጎዳ ወገን አለ ወይ?

አባቶቻችን “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በአማርኛ “ይወረሳል” የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። ልጅ የአባቱን ንብረት ይወርሳል፤ ንብረት ደግሞ ከባለቤቱ እጅ ይወረሳል። የጻፍነው ለልጆቻችን ይቀራል፤ ባላሰብነው ሰው እጅም ሊገባ ይችላል። ስልክ ይሰረቃል፣ ይፈተሻል፣ ይሸጣል፣ ልጆች ይከፍቱታል። ሲበላሽም ጠጋኙ የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል።

የምሳሌ መጽሐፍ በ11፥13 ላይ ምስጢር አውጪን ነገርን ከሚሰውር ታማኝ ሰው ጋር ያነጻጽራል። በአፋችን የጠበቅነውን ምስጢር በስልካችን ብናወጣው ለተጎዳው ሰው ልዩነት የለውም። ስለዚህ፦

የጸሎት ማስታወሻ ስትይዙ ሙሉ ስም አትጻፉ። ለእናንተ ብቻ የሚገባ አንድ ፊደል ወይም ምልክት ይበቃል፤ እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል።

በምክር ጊዜ የተነገራችሁን ኑዛዜ በስልክ አትጻፉ። ቀጠሮውን ብቻ ጻፉ።

አዲስ ወደ ጌታ የመጡ ሰዎችን ዝርዝር ከነመንደራቸው በስልክ ይዛችሁ አትዙሩ። በቤተሰብና በጎረቤት ዘንድ ገና ያልገለጡትን ነገር እኛ ልንገልጥባቸው አይገባም።

የዲሲፕሊን ጉዳይ ያለበት ቃለ ጉባኤ በወረቀት ተጽፎ በአጥቢያዋ በሚቆለፍ ሣጥን ይቀመጥ። ሌላውን ቃለ ጉባኤ ከሽማግሌዎች ጋር በመተግበሪያ የምትጋሩ ከሆነ፣ አገልግሎቱን የለቀቀ ሰው ሲኖር ከተጋሪዎች ዝርዝር ውስጥ አውጡት።

ስልካችሁን ቆልፉ፤ የማስታወሻው ጽሑፍ ስልኩ ተቆልፎ ሳለ በፊቱ ላይ እንዳይታይ አድርጉ። በዋንኖት የተቆለፈን ክፍል የይለፍ ቃል ከረሳችሁት ማንም ሊያወጣላችሁ እንደማይችልም እወቁ።

ጉዳዩ የሕግም ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለ ሰዎች ጤናና ስለ ሃይማኖታዊ እምነታቸው የተያዘን መረጃ የተለየ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መካከል ይቆጥረዋል። አጥቢያዎቻችን የምዕመናን መዝገብ ሲይዙ ይህን ሊያውቁ ይገባል።

የእኔ ስልክ በማን እጅ እንደገባ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስማቸው ወደ ተጻፈው ወገኖች አንድ በአንድ ሄጄ የሆነውን ነገርኋቸውና ይቅርታ ጠየቅሁ። ቀላል አልነበረም። ሕመማቸውን የጻፍሁባቸው እናት ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ “አይዞህ ልጄ። ከእንግዲህ ግን የእኔን ነገር ለእግዚአብሔር ንገረው እንጂ ለስልክህ አትንገረው” አሉኝ። ከኮሌጅ ትምህርቴ ሁሉ ይህንን ምክር አብልጬ አስታውሰዋለሁ።

ከየት እንጀምር?

ሁሉንም በአንድ ቀን ለማድረግ አትሞክሩ። በመጀመሪያው ሳምንት አካውንታችሁን አስተካክሉና ስልካችሁን ቆልፉ። በሁለተኛው አንድ መተግበሪያ ምረጡ፤ ያለ ኢንተርኔት ፈትኑት፤ አምስቱን መለያዎች አውጡ። በሦስተኛው የሚቀጥለውን እሁድ ስብከት በውስጡ አዘጋጁ። በአራተኛው የመጀመሪያውን ቅጂ በፍላሽ ወይም በወረቀት አስቀምጡ፤ ከዚያም የጸሎት ማስታወሻችሁን ከፍታችሁ ስሞቹን አውጡ። ይህን የመጨረሻውን ግን ዛሬ ማታ ብታደርጉት ይሻላል።

ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ፣ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥13 እንደምናነበው፣ በጢሮአዳ የተዋቸው መጻሕፍት፣ ይልቁንም ብራናዎቹ እንዲመጡለት ለመነ። የት እንዳሉ ያውቅ ነበር፤ የሚያመጣለትም ታማኝ ሰው ነበረው። እኛም የምንጽፈው የት እንዳለ የምናውቅ፣ የተሰጠንንም አደራ የምንጠብቅ አገልጋዮች እንድንሆን ጌታ ይርዳን።

ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ።